የመኰንንነት በርና የሴቶች ልጆች ዕድል

የአንድ አገር ሠራዊት ጥንካሬ በመሣሪያው ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። መሣሪያ የሚሠራው በወታደሩ እጅ፥ ወታደሩም የሚሰለፈው በአለቃው ዕውቀት ስለ ሆነ፥ የሠራዊት ሁሉ መሠረቱ መኰንኑን አሠልጥኖ የሚያወጣው ትምህርት ቤት ነው። ከዚህም የተነሣ ወደ ጦር ትምህርት ቤት ማን ይግባ፥ በምንስ ሚዛን ተመዝኖ ይግባ የሚለው ጥያቄ የአንድ መሥሪያ ቤት ጕዳይ ብቻ ሳይሆን የአገር ጕዳይ ነው። ይህንንም ጥያቄ በተለይ ስለ ሴቶች ልጆች ማንሣት ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ሕጉ በሩን ከከፈተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነገር ግን በሩ የተከፈተላት ልጅ ወደ በሩ የምትደርስበት መንገድ ገና አልተጠረገም።

ይህን ለመረዳት አንዲቱን ከተማ መመልከት ይበቃል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውራ ጐዳና ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ሐብሩ ወረዳ ሲደርስ ውርጌሳን ያገኛል፤ ከዚያም ወደ ወረዳው ዋና ከተማ ወደ መርሳ ይቀጥላል። በውርጌሳ 12ኛ ክፍል የጨረሰች፥ አካሏ ጤናማ፥ ጠባይዋ የተመሰገነ፥ መኰንን ለመሆንም ፈቃድ ያላት አንዲት ልጅ ትታሰብ። በሕግ ፊት ከእርስዋ ጋር በአንድ ክፍል ከተማረው ወንድ ልጅ በምንም አታንስም። በኑሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዕጩ መኰንኖች ጥሪ ሲወጣ ወንዱ ልጅ ወሬውን በመናኸሪያው፥ በሻይ ቤቱና ከጓደኞቹ ዘንድ ፈጥኖ ይሰማል። ልጂቱ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ ለመቅዳት፥ እንጀራ ለመጋገርና ታናናሾቿን ለመጠበቅ በቤት ስለምትውል ወሬው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሊደርሳት ይችላል። ብትሰማም እንኳ መመዝገቢያው ሩቅ የሆነ እንደ ሆነ የመሳፈሪያ ገንዘብና የሚያደርሳት ሰው ያስፈልጋታል፤ ወላጆቿም «ሴት ልጅ ከወታደር መካከል ገብታ ምን ትሠራለች?» ብለው ይከለክሏት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በ15 ወይም በ16 ዓመቷ የተዳረች እንደ ሆነ ጥያቄው ከቶ አይነሣም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፥ የአማራ ክልልም የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ቢወስኑም፥ ያለ ዕድሜ መዳር በገጠሩ ሥር ሰዶ የኖረ ልማድ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህ ሁሉ መከልከል ግን ሴቲቱን ከጦርነት አላዳናትም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወሎ በወረደ ጊዜ ውርጌሳና አካባቢዋ የውጊያ ግንባር ሆነው ነበር፤ መርሳና ወልድያም ለወራት በጦርነቱ ውስጥ ወድቀው ቈይተዋል። በዚያን ጊዜ ልጇን አዝላ፥ አሮጊት እናቷን ደግፋ ከቤቷ የተሰደደችውን ሴት «አንቺ ሴት ነሽና ጦርነቱ አይመለከትሽም» ያላት አልነበረም። እንግዲህ ጦርነት ፈቃድ ሳይጠይቅ ሴቲቱን ከቤቷ ድረስ መጥቶ የሚያገኛት ከሆነ፥ እርስዋ ወድዳና ፈቅዳ የጦርን ዕውቀት ልማር ስትል በልማድ ምክንያት መከልከሏ ፍርድ የጐደለው ነገር ይሆናል።

የወሎን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ሴት ጦር ልታዝዝ አትችልም የሚለው ቃል እንግዳ ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በወሎ ምድር ገዥዎች ሆነው ጦር የሚያዝዙ፥ የሚዋጉና የሚታረቁ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። በ1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ሲሄዱ በወይዘሮ ወርቂት አገር አልፈው ነበር፤ ወይዘሮዪቱም አሳልፈው ሳይሰጧቸው ቀሩ። በዚህም ነገር በአፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ታስሮ የነበረው ልጃቸው ተገደለ። እንዲህ ያለው ፍርድ የእናት አንጀት ብቻ ሳይሆን የአገር ገዥ ልብ የሚፈተንበት እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

ከውርጌሳ ጋር በሚጐራበተው በአምባሰል አገር ደግሞ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። የዚህ ውል 17ኛ ክፍል በኢጣልያንኛ የተጻፈው ከአማርኛው ተለይቶ የኢትዮጵያን ነፃነት የሚነካ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፥ ነገሩን አጥብቀው ከተቃወሙት ዋነኛዪቱ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። እቴጌዪቱ በቃል ተቃውመው ብቻ አልቀሩም። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በመቀሌም ጠላት መሽጎበት የነበረውን ምሽግ በውጊያ ብቻ መስበር አስቸጋሪ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፥ ውሃው እንዲያዝበት ያደረገው ምክር የእርሳቸው መሆኑ በታሪክ ተጽፎአል። ምሽጉ በጥይት ሳይሆን በጥም ተለቀቀ። ይህ የጡንቻ ሥራ ሳይሆን የመኰንንነት ሥራ ነው፤ የጠላትን ድካም አይቶ፥ የራስን ሰው ደም ቈጥቦ፥ በትንሹ ኃይል ትልቁን ነገር መፈጸም በየአገሩ የጦር ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ዋናው ትምህርት ይኸው ነው።

በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜም ይኸው ነገር ታይቶአል። ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በፍቼ በጠላት እጅ ከተገደሉ በኋላ፥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አርበኛውን እየመሩ በዱር ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ለአርበኛው ወሬ በማቀበል፥ ገንዘብና መሣሪያ በማድረስ ካገለገሉ በኋላ ተይዘው በኢጣልያ አገር ታስረዋል፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ ትግላቸውን አልተዉም።

እነዚህን ስሞች በበዓል ቀን ማመስገን የተለመደ ነው። ነገር ግን ከታሪካቸው አንድ ነገር አብሮ መታየት አለበት። እቴጌ ጣይቱ ጦር ያዘዙት እቴጌ ስለ ሆኑ ነው፤ ወይዘሮ ወርቂት የባላባት ወገን ስለ ሆኑ፥ ወይዘሮ ከበደች የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅና የደጃዝማች አበራ ባለቤት ስለ ሆኑ ነው። የተራው ገበሬ ልጅ የሆነችው ሴት በዚያው ዘመቻ ስንቅ ተሸክማ፥ እህል ፈጭታ፥ ውሃ ቀድታ፥ ቍስለኛ አስታማ ስትመለስ ስሟን የጻፈው የለም። ከፍ ላሉትም ቢሆን ሥልጣኑ የመጣው በትምህርትና በምርጫ ሳይሆን በትውልድ፥ በጋብቻ፥ አንዳንድ ጊዜም በባል ሞት ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ሴትን ለጦርነት መጥራት አላቋረጠችም፤ ያቋረጠችው ለሹመቱ አስቀድማ ማዘጋጀትን ነው።

ዘመናዊ የጦር ትምህርት ቤት ሲቋቋም ይህ ጕድለት ይታረማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት በስዊድን መኰንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው ትምህርት ቤት፥ በኋላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሐረር የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ፥ ሹመት በትውልድ ሳይሆን በዕውቀት እንዲሆን የታሰበባቸው ነበሩ። ከሆለታ የወጡት ወጣቶች የጥቁር አንበሳን ማኅበር መሥርተው በወረራው ጊዜ ተጋድለዋል፤ በሐረርም ዕጩ መኰንኖች ለሦስት ዓመት ይማሩ ነበር። ይሁን እንጂ እነዚህ በሮች ለተራው ሰው ወንድ ልጅ ሲከፈቱ ለሴቲቱ አልተከፈቱም። በቀድሞው ሥርዓት የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ጦር ልታዝዝ ትችል ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን የመኳንንቱም ሆነ የገበሬው ሴት ልጅ እኩል ከበሩ ቀረች። በኋላም በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት በነበረው የትጥቅ ትግል በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች በየጐራው ተሰልፈው ሲዋጉ፥ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙዎቹ ከሠራዊት ተሰናብተው ወደ ኑሮአቸው ተመለሱ። አሁንም ለውጊያው ተጠርተው ለሹመቱ ተረሱ ማለት ነው።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ አገር ሴቶች ወደ ጦር አካዳሚዎች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በፕሬዚዳንት ፎርድ የተፈረመው በአውሮጳ አቈጣጠር በጥቅምት 1975 ዓ.ም. ነበር። በሚከተለው ዓመት 119 ሴቶች ወደ ዌስት ፖይንት ገቡ፤ ከእነርሱም 62 በ1980 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው መኰንን ሆኑ። የቃኘው ሻለቃ በተዋጋላት በደቡብ ኮርያም ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የአየር፥ የምድርና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች ተራ በተራ ሴቶችን ተቀበሉ። ከሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ግን የሕንድ ምሳሌ ነው፤ የሐረርን አካዳሚ ያቋቋሙትና በመጀመሪያ ያስተማሩት የሕንድ መኰንኖች ነበሩና። በሕንድ አገር የብሔራዊ መከላከያ አካዳሚ ለሴቶች ዝግ ሆኖ ብዙ ዘመን ቈይቶ፥ በነሐሴ 2021 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴቶች የመግቢያውን ፈተና እንዲፈተኑ አዘዘ። በ2022 ዓ.ም. 19 ሴቶች ገቡ፤ በግንቦት 2025 ዓ.ም. ከመጨረሻው ሰልፍ የደረሱት 17 ነበሩ። አስተማሪው አገር የራሱን ሥርዓት መርምሮ ካረመ፥ ተማሪው አገር ከዚህ ምሳሌ መጠቀም አይገባውም ተብሎ አይታሰብም።

በኢትዮጵያ ሕጉ ቀድሞአል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ከመግለጹም በላይ፥ ካለፈው ዘመን የወረሱት የበታችነት እንዲታረም ልዩ ድጋፍ እንደሚገባቸው ይናገራል። በዛሬው ጊዜ ሴቶች በወታደርነትም ሆነ በመኰንንነት ያገለግላሉ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ አይሻ መሐመድ በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዪቱ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን የመከላከያ ሚኒስትር በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሲቪል ነው፤ ሹመቱም ከላይ በአንድ ቀን የሚሰጥ ነው። ጄኔራል ግን በአንድ ቀን አይሾምም። ዛሬ በዕጩ መኰንንነት ያልገባች ልጅ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ክፍለ ጦር ልታዝዝ አትችልም። ስለዚህ በዛሬው ምዝገባ የሚታየው የሴቶች ማነስ የዛሬ ጕድለት ብቻ ሳይሆን የነገው ትውልድ ጕድለት ጭምር ነው።

ይህንን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። አንደኛው የአካል ጕልበት ነገር ነው። ባማካይ የወንድ ጡንቻ ከሴት ጡንቻ የበረታ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም ሚዛኑ መውጣት ያለበት ከሥራው ነው እንጂ ከጾታው አይደለም። ከባድ ጥይት የሚያነሣ መድፈኛ፥ ተራራ ለተራራ የሚዘምት እግረኛ፥ የሬዲዮ መገናኛ የሚያደራጅ፥ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ፥ ስንቅና ትጥቅ የሚያከፋፍል፥ ቍስለኛ የሚያክም፥ ሁሉም መኰንኖች ናቸው፤ የሁሉም ሥራ ግን አንድ ዓይነት ጕልበት አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገው ችሎታ ተለክቶ በግልጽ ይነገር፤ ያንን ያሟላ ይግባ፥ ያላሟላ ይቅር። ለአንዱ ክፍል የበቃች ሴት ለሌላው አትበቃም ተብላ መመለሷም፥ ለማናቸውም ያልበቃ ወንድ ወንድ በመሆኑ ብቻ መግባቱም ስሕተት ነው።

በዚህ ላይ ሴቶችን ለመጥቀም ሲባል በፈተናው ላይ ነጥብ ዝቅ ይደረግላቸው የሚሉ አሉ። አሳቡ ከበጎ ልብ የመጣ ቢሆንም ጕዳቱ ለሴቶቹ ለራሳቸው ነው። በተቀነሰ ነጥብ የገባች ተብላ የተጠረጠረች መኰንን፥ የምታዝዛቸው ወታደሮች በሙሉ ልብ አይከተሏትም፤ በሙሉ ነጥብ የገባችዪቱም በዚያው ሐሜት ትነካለች። ሕገ መንግሥቱ ያሰበው ልዩ ድጋፍ ከፈተናው በፊት ሊሰጥ ይችላል። ከምዝገባው አስቀድሞ ለጥቂት ወራት የሩጫ፥ የአካል ማጠንከሪያና የትምህርት ማጠናከሪያ ልምምድ በየወረዳው ቢዘጋጅ፥ በልጅነቷ እንደ ወንድሟ በሜዳ ያልሮጠች ልጅ የተነፈጋትን ታገኛለች። ድጋፉ ከበሩ በፊት፥ እኩል ሚዛን በበሩ ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ምክንያት የክብርና የደኅንነት ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ብዙ ወንዶች ወዳሉበት ሰፈር ለመላክ ቢፈራ ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ስለዚህ በንግግር ሳይሆን በሥራ ሊወገድ ይገባል። ለሴት ዕጩ መኰንኖች የሚቈለፍ የመኝታ ክፍል፥ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት፥ ሴት ሐኪምና ሴት አሠልጣኝ ያስፈልጋሉ። ከዚህም ሁሉ በላይ፥ በደል የደረሰባት እንደ ሆነ በበደላት አለቃ በኩል ሳይሆን በሌላ መንገድ አቤት የምትልበት፥ አቤቱታዋም ሳይውል ሳያድር የሚመረመርበት ሥርዓት መኖር አለበት። የበታቹን ሴት የሚያስፈራራ አለቃ በጦር ሜዳም ሊታመን አይችልም፤ ሥልጣንን ለግል ፍላጎት ማዋል በሰላምም ሆነ በጦርነት አንድ ዓይነት ወንጀል ነውና።

ሦስተኛው የጋብቻና የወሊድ ነገር ነው። ሴት መኰንን ስታገባና ስትወልድ ሥራ ታቋርጣለች ይባላል። እውነት ነው፥ ለጥቂት ወራት ታቋርጣለች። ወንዱ መኰንንም ሲቈስል፥ ሲታመም፥ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ሲላክ ያቋርጣል፤ ይህ ሲሆን ግን ሹመቱ ሲቀርበት አይታይም። በብዙ ገንዘብ የሠለጠነን መኰንን በአንድ ወሊድ ምክንያት ወደ ኋላ ማስቀረት የገንዘብም የዕውቀትም ብክነት ነው።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የዕጩ መኰንኖች ጥሪ በጋዜጣና በሬዲዮ ብቻ ሳይሆን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፥ በውርጌሳም ቢሆን በመርሳ፥ በቂ ጊዜ ቀድሞ ይለጠፍ፤ መምህራንም ለሴቶች ተማሪዎች በቃል ይንገሩ። ምዝገባው በየወረዳው ይሁን። በመራጮቹ መካከል ሴት መኰንኖች ይቀመጡ፤ ወንዱ የማይጠየቀውን ስለ ጋብቻና ስለ ግል ኑሮ የሚመለከት ጥያቄ ሴቲቱም አትጠየቅ። ስንት ሴቶችና ስንት ወንዶች እንደ ተመዘገቡ፥ ስንቱ እንደ ገቡ፥ ስንቱ እንደ ጨረሱ፥ ከጨረሱም በኋላ ስንቱ ጦር ለማዘዝ፥ ስንቱ ለቢሮ ሥራ እንደ ተመደቡ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ። ቍጥሩ የተሰወረ እንደ ሆነ መሻሻሉም መጕደሉም አይታወቅም።

ከሁሉም ጋር ሊዘነጋ የማይገባ ነገር አለ። መኰንንነት በፈቃድ የሚመጣ አገልግሎት ነው። እኩልነት ማለት ማንንም በግድ ማስገባት አይደለም፤ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ዐውቆና ፈቅዶ ሲመጣ ብቻ የሠራዊት ክብር ይጠበቃል። ደግሞም ትምህርት ቤት በተዘጋበት ስፍራ ዕጩ መኰንን አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሕፃናት ከትምህርት መቅረታቸው የታወቀ ሲሆን፥ ከቤት ከዋሉት መካከል አስቀድማ የምትዳረው ሴቲቱ ልጅ ናት። ስለዚህ የመኰንንነት እኩልነት የሚጀምረው በጦር አካዳሚው ደጃፍ ሳይሆን በቀበሌው ትምህርት ቤት ደወል ነው። ሰላም ሳይኖር፥ መምህርና መጽሐፍ ሳይገኝ፥ የመግቢያውን ሚዛን ብቻ ማስተካከል ሥሩን ትቶ ቅጠሉን እንደ ማጠጣት ይቈጠራል።

ወላጆችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሴት ልጅን እስከ 12ኛ ክፍል ማስተማር፥ ከዚያም መኰንን ልሁን ስትል አሳቧን መስማት፥ አገርን ከመውደድ የሚቈጠር ሥራ ነው። ልጂቱ መኰንን ሳትሆን ሐኪም ወይም መምህርት ብትሆን ምርጫዋ ነው፤ ምርጫውን ግን ልማድ አስቀድሞ ሊመርጥላት አይገባም።

በውርጌሳ በኩል የሚያልፈው ጐዳና ብዙ ጦር ሲወጣና ሲወርድ አይቶአል። በዚያ ጐዳና ዳር ያለች ሴት ለሚያልፈው ሠራዊት ስንቅ ስታዘጋጅ፥ ውሃ ስታቀርብ፥ ቍስለኛ ስትቀበል ኖራለች። ይህ አገልግሎት የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ዕጣዋ ይህ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ችሎታው ያላት ልጅ ከጐዳናው ዳር ተነሥታ በሰልፉ ራስ ላይ እንድትቆም ሕጉ ፈቅዶላታል። ጥሪውን በጊዜ ማሰማት፥ ሚዛኑን እኩል ማድረግ፥ በትምህርት ቤት ሳለችም ደኅንነቷን መጠበቅ የቀረው የባለሥልጣኑ፥ የመምህሩና የወላጁ ሥራ ነው። በቀድሞ ዘመን መከራ በድንገት ለሴቲቱ የሰጣትን የጦር አመራር፥ በዚህ ዘመን ትምህርት አስቀድሞ ሊሰጣት ይገባል።